የጭልጋ ቅጠሎች ዕድሜ፦ ከ8 ሚሊዮን ወደ 27 ሚሊዮን ዓመት

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ፣ አይከል ከተማን ባቀፈችው በጭልጋ ምድር፣ ብዙ የዕፅዋት ቅሪተ አካላት ይገኛሉ። በግራጫ የጭቃ ድንጋይ ላይ ጠቁረው የተኙ ቅጠሎች አሉ፤ ከከሰል ንብርብር ጋር የተቀበረ እንጨት አለ፤ ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታይ የአበባ ብናኝም አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 የማነ፣ ቦንፊይ እና ፎር የተባሉ ተመራማሪዎች በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጥናት የብናኙን ዕድሜ 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አሉት። በ2003 በዚያው መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የጭልጋን ንብርብሮች ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት አደረሳቸው። በ18 ዓመት ውስጥ 19 ሚሊዮን ዓመት ተጨመረ ማለት ነው፤ ቅጠሎቹ ላይ ግን አንዳች የተለወጠ ነገር የለም።

ጉዳዩ እኛ ዘንድ፣ አዳማ፣ የደረሰው በቴሌግራም ነው። ሳይንስ የምናስተምር ጥቂት ጓደኛሞች ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ላይ እንገናኛለን። ከመካከላችን የባዮሎጂ መምህርቷ ታናሽ ወንድም አይከል ነው የሚሠራው። በበጋ፣ ወንዙ ሲጎድል፣ ከገደል ሥር ያየውን ነገር ፎቶ አንስቶ ላከላት። መዳፍ የማይሞላ ቅጠል ነው። ዋናው ጅማት ከእግሩ እስከ ጫፉ ሳይቋረጥ ይታያል፤ የጎን ጅማቶቹ ጠርዙ ጋ ሲደርሱ ወደ ላይ ይታጠፋሉ፤ ጠርዙ ጥርስ የለውም። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሰማያዊ እስክሪብቶ አስቀምጧል። ከሥሩ ደግሞ፦ «እህቴ፣ ይቺ ስንት ዓመቷ ነው? በመዶሻ አውጥቼ ላምጣልሽ?»

ኬሚስትሪ የሚያስተምረው ባልደረባችን ወዲያው «ካርቦን ዴቲንግ ይሠራላት» አለ። አብዛኛው ሰው የሚለው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ ብጀምር ይሻላል።

ካርቦን 14 በሕይወት ያለ ነገር ሁሉ ከአየርና ከምግብ የሚያገኘው የካርቦን ዓይነት (አይሶቶፕ) ነው። ተክሉ ሲሞት አዲስ መቀበል ያቆማል፤ ያለው በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ወደ 50,000 ዓመት ሲጠጋ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ስለሚሆን ዘዴው እዚያ ላይ ያበቃል። 27 ሚሊዮን ዓመት የሞላው ቅጠል ከ4,700 ጊዜ በላይ ተገምሷል፤ አንዲት የካርቦን 14 አቶም እንኳ አትቀርለትም። የሚያሳስበኝ ግን ዘዴው አለመሥራቱ አይደለም። ሳይሠራም ቁጥር ሊሰጥ መቻሉ ነው። ቅጠሉ ላይ ካለው ካርቦን አንድ በመቶው ብቻ ከዛሬ ሥር፣ ከሻጋታ ወይም ከሰው እጅ የመጣ ቢሆን፣ ውጤቱ 37,000 ዓመት አካባቢ ሆኖ ይወጣል። ንጹሕ፣ የሚታመን የሚመስል፣ ፈጽሞ የተሳሳተ ቁጥር። የጥንት ከሰል ለካርቦን ምርመራ ልኮ «የ40 ሺህ ዓመት ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ላቦራቶሪው አልዋሸውም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ነው የማይመለሰው።

ቅጠሉን ራሱን አይቶ ዕድሜ መንገርስ? ባዮሎጂ መምህርቷ በዚህ ብዙ ተከራክራለች፤ ክርክሯም ሚዛን የሚደፋ ነው። ጥርስ የሌለው ጠርዝ በሙቅ አገር ደን ውስጥ ይበዛል። በአንድ ቦታ ከተገኙ የዛፍ ዝርያዎች ምን ያህሉ ለስላሳ ጠርዝ እንዳላቸው ቆጥሮ የጥንቱን ሙቀት መገመት የታወቀ ዘዴ ነው። ቅጠል ስለ ዝናብና ሙቀት ይናገራል እንጂ ስለ ቀን መቁጠሪያ አይናገርም። የጥንት ዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ቦኒ ጄከብስ፣ አሮን ፓንና ባልደረቦቻቸው ከጭልጋው ጓንግ ወንዝ ዳር በተገኙ ቅሪቶች ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። ከለዩዋቸው ውስጥ ዛሬም በአፍሪካ ደኖች የሚበቅሉት የአፍዜሊያና የሳይኖሜትራ ወገኖች አሉ፤ ከዘንባባ ደግሞ ሃይፊኒ ካፐልማኒ ብለው የሰየሙት አለ። ከነዚህ ቅጠሎች አንዱን ዛሬ ከካሜሩን ጫካ ከተለቀመ ቅጠል አጠገብ ብናስቀምጠው ወንድማማች ይመስላሉ። እንዲህ ያለ ዕፅዋት 8 ሚሊዮን ቢባልም፣ 27 ሚሊዮን ቢባልም ለዓይን አያስደነግጥም። የጭልጋን ቅሪት እንቆቅልሽ ያደረገውም ይኸው ነው፦ የዛሬ ዘመድ ያለው፣ ዛሬ ግን እዚያ ደጋ ላይ የማይበቅል ደን።

ዕድሜው ያለው ታዲያ ቅጠሉ በተኛበት ንብርብርና በጎረቤቶቹ ውስጥ ነው። ከታች ያለው ጎረቤት የታወቀ ነው። የሰሜን ምዕራብ ደጋችንን የሠራው ባዛልት (ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈሶ የተከመረ ነው። የጭልጋ ጭቃና ከሰል የተጠራቀመው በዚህ ባዛልት ላይ በተፈጠረ ጎድጓዳ መሬት ነው። ይህ የሚነግረን ቅጠሎቹ ከ30 ሚሊዮን ዓመት እንደማይበልጡ ብቻ ነው። 8ም፣ 27ም፣ 2ም በዚህ ወሰን ውስጥ ይገባሉ። የጎደለው በቅጠሎቹ አካባቢ፣ በዚያው ዘመን የተቀመጠ፣ ሰዓት ያለው ነገር ነበር። እሱም የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

አመድ ምን እንደሆነ ለአዳማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከተማችን የተቀመጠችው በላዩ ነው። ከቦኩ ወዲህም ወዲያም መንገድ ለማውጣት ኮረብታ በተቆረጠበት ሁሉ ነጭ ፓሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)፣ ግራጫ አመድ፣ ቡናማ የድሮ አፈር፣ ደግሞ አመድ ተደራርቦ ይታያል። ፓሚሱን በጣት ቢጫኑት ይፈረፍራል፤ ፍርፋሪውን ፀሐይ ላይ ሲያገላብጡት ጥቃቅን ብርጭቆ የመሰሉ ነገሮች ያብለጨልጫሉ። ከእነዚያ የሚያብለጨልጩት አንዳንዶቹ ፌልድስፓር የተባለ ማዕድን ክሪስታሎች ናቸው። ተመራማሪ የሚፈልገው እነሱን ነው።

በፌልድስፓር ውስጥ ፖታሲየም አለ፤ ከፖታሲየሙም እጅግ ጥቂቱ ፖታሲየም 40 የተባለው ነው። ይህ አይሶቶፕ በ1.25 ቢሊዮን ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፤ ከሚፈርሰው ውስጥ ከአሥር አንድ ያህሉ አርጎን 40 ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል፣ ቀሪው ካልሲየም ይሆናል። በእሳተ ገሞራው ሆድ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ አርጎኑ ያመልጣል። ፈንድቶ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ግን ክሪስታሉ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈጠረው አርጎን እየተጠራቀመ ይኖራል። በ27 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ የሚፈርሰው ፖታሲየም 40 ከነበረው 1.5 በመቶ ቢሆን ነው። ከዚያ ላይ አርጎን የሚሆነው አንድ አሥረኛው ብቻ መሆኑ ሲታሰብ የሚለካው ነገር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይገባል። ስለዚህ ክሪስታሎቹ አንድ በአንድ በማይክሮስኮፕ ይለቀማሉ፤ የደበዘዘ፣ የተሰነጠቀ፣ ሸክላ የነካው ይጣላል። ከዚያ ዕድሜው ከታወቀ መለኪያ ክሪስታል ጋር በኑክሌር ሬአክተር ውስጥ ይገባሉ፤ እዚያ ከፖታሲየሙ የተወሰነው አርጎን 39 ይሆናል። በሌዘር ሲቀልጡ ሁለቱ አርጎኖች በአንድ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ይለካሉ። አርጎን 39 ፖታሲየሙ ምን ያህል እንደነበር፣ አርጎን 40 ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ ይናገራል።

ይህ ጥንቃቄ ቅንጦት አይደለም። አየርና ውሃ የበላው ባዛልት አርጎን ስለሚያፈስ ከእውነተኛው ያነሰ ዕድሜ ይሰጣል። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ ከግድግዳው የነቀለው የጥንት ክሪስታል ከተቀላቀለ ደግሞ የበለጠ ዕድሜ ይወጣል። አንድ እፍኝ አመድ አንድ ላይ ፈጭቶ የለካ ሰው የሁለቱን አማካይ ያገኛል፤ አማካዩም የማንም ዕድሜ አይደለም። በነጠላ ክሪስታል መለካት የተለመደው ለዚህ ነው፤ እንግዳው ክሪስታል ከሌሎቹ ተለይቶ ይታያል።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ ይህን ከሁላችን በተሻለ ያስረዱን ጋሼ ናቸው። የምንሰባሰበው እሳቸው ግቢ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በድንጋይ ካባና በመንገድ ሥራ ፎርማን ሆነው ኖረዋል፤ የጂኦሎጂ ትምህርት ቤት አልገቡም። ከተማው ዳር ወደሚገኝ አንድ የተቆረጠ ኮረብታ ወሰዱንና ሁለት ነጭ መስመሮች አሳዩን።

«ይሄኛው ከሰማይ የወረደ ነው፣ ያኛው ጎርፍ ያመጣው ነው» አሉ።

«በምን ለዩት ጋሼ?» አለች ባዮሎጂ መምህርቷ።

«አየሽ ልጄ፣ የወረደው ጉብታውንም ጎድጓዳውንም እኩል ነው የሚያለብሰው። ጎርፍ ያመጣው ጎድጓዳውን ሞልቶ ጉብታው ላይ ይሳሳል፤ ጠጠርም ይቀላቅላል። ይኸው፣ ጣትሽን አስገቢበት።»

እውነትም የታችኛው መስመር ውስጥ ሩዝ የሚያካክሉ ጥቁር ጠጠሮች ተሰግስገዋል፤ የላይኛው ከእግሩ እስከ ራሱ ንጹሕ ነው። ይህ ልዩነት ለቅጠል ዕድሜ ወሳኝ ነው። ከሰማይ የወረደ አመድ የፈነዳበትና የተቀመጠበት ቀን አንድ ነው። ጎርፍ ያንቀሳቀሰው አመድ ግን ከፈነዳ ከብዙ ዘመን በኋላ ሌላ ቦታ ሊያርፍ ይችላል፤ እሱን የለካ ሰው የሚያገኘው «ንብርብሩ ከዚህ አይበልጥም» የሚል ገደብ ብቻ ነው። የአዳማ ዙሪያ አመዶች ከጭልጋዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ገና ትናንት የወረዱ ናቸው፤ የምርመራው ሥርዓት ግን ሁለቱም ቦታ ያው ነው።

ወደ ጭልጋ ልመለስ። የ2003ቱን ጥናት ያወጣው፣ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፐልማን የመራው፣ ሙሉጌታ ፍስሃን ጨምሮ ኢትዮጵያውያን የተሳተፉበት ቡድን አመዶቹን አስለካ። በዚያ ብቻም አላቆመም፤ የንብርብሮቹን መግነጢሳዊ አቅጣጫ ከታች እስከ ላይ መረመረ። የምድር መግነጢስ ሰሜንና ደቡቡን በየዘመኑ ይገለብጣል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተገለበጠው ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ደቃቅ ጭቃ ሲረጋ በውስጡ ያሉ የብረት ቅንጣቶች የዚያን ጊዜውን አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። ይህ ዘዴ ለብቻው ዕድሜ አይሰጥም፤ «መደበኛ፣ የተገለበጠ፣ መደበኛ» የሚለው ቅደም ተከተል በታሪክ ብዙ ጊዜ ተደጋግሟልና። አመዱ የዕድሜውን አካባቢ ሲነግረው ግን የትኛው መገልበጥ እንደሆነ ይለያል። ሁለቱ ተጋግዘው ጭልጋን በ27 እና በ28 ሚሊዮን ዓመት መካከል፣ ከ34 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው በኦሊጎሲን ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ የወጡ የዕፅዋት ጥናቶች የጓንግ ወንዝን ቅጠሎች 27.23 ሚሊዮን ዓመት ይሏቸዋል። ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ የሚባለው ወንዝ ነው።

ሦስተኛው ምስክር አጥንት ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያረካው እሱ ነው። በዚያው አካባቢ ንብርብሮች የዝሆን ጥንታዊ ዘመዶች፣ ከዛሬዎቹ እጅግ የገዘፉ ሽኮኮዎች፣ አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች የነበሩት አርሲኖይቴሪየም ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ጭልጋቴሪየም ተብሎ በአካባቢው ስም የተሰየመ የዝሆን ወገንም አለ። ሁሉም የአፍሪካና የዓረቢያ ተወላጆች ናቸው። በዚያን ዘመን አፍሪካና ዓረቢያ አንድ ላይ ሆነው ከእስያ በባሕር ተለይተው ነበር። ከ24 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ መንገዱ ሲከፈት ከሰሜን የመጡ እንስሳት ቦታውን ወረሱ። ንብርብሩ የ8 ሚሊዮን ዓመት ቢሆን ኖሮ እዚያ መገኘት የነበረባቸው የአጋዘን፣ የቀጭኔና የአውራሪስ ወገኖች ነበሩ። አንድም ከሰሜን የመጣ እንግዳ የለም። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ፦ እንስሳቱ አመዱን አልለኩም፤ አመዱ ለብቻው ተለክቶ ነው ከእንስሳቱ ጋር የተስማማው። አንዱ ምስክር የሌላውን ቃል ቀድሞ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ መስማማታቸው ዋጋ አይኖረውም ነበር። ለአጥንት ጥናትም ይህ ዕድሜ ትልቅ ነገር ነው፤ ከ32 እስከ 24 ሚሊዮን ዓመት ድረስ ስለ አፍሪካ አጥቢዎች የሚታወቀው እጅግ ጥቂት ነበር።

19 ሚሊዮን ዓመት መጨመሩ ምን ይለውጣል ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ከቅጠሉ በላይ ከፍ ይላል። የ1985ቱ ጥናት ዋና ጉዳይ የአበባ ብናኙ ብቻ አልነበረም። ጭልጋ ዛሬ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብናኙ ግን የቆላ ዝናብ ደን ነው። ከዚህ ተነስተው ተመራማሪዎቹ አካባቢው ያኔ ከዛሬው ዝቅ ያለ እንደነበርና ደጋው ከዚያ ወዲህ ከፍ እንዳለ ደመደሙ። ያ አስተሳሰብ ብልህነት ነበረው፤ እኔ አሁንም አከብረዋለሁ። ግን ሒሳቡ በሙሉ የተንጠለጠለው በ8 ሚሊዮን ላይ ነው። ዕድሜው 27 ሲሆን ለደጋው መነሣት የተሰጠው ጊዜ ከሦስት እጥፍ በላይ ይረዝማል። የኦሊጎሲን ዓለም ደግሞ በአጠቃላይ ከዛሬው ይሞቅ ስለነበር፣ ደኑ ከቦታው ዝቅታ ይልቅ ከዘመኑ ሙቀት ምን ያህሉን እንዳገኘ መጠየቅ ግድ ይሆናል። አንድ የተሳሳተ ዕድሜ አንድ ተራራ በተሳሳተ ዘመን ያስነሣል፤ ከዚያም ወንዙ፣ የዝናቡ ጥላ፣ የዓባይ ገደል ሁሉ ያንን ተከትሎ ይጻፋል። በሰሜን ሸዋ ሙሽ ሸለቆ የተገኙት፣ 21.7 ሚሊዮን ዓመት የተባሉት ቅጠሎች ዛሬ ከጭልጋዎቹ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው የደናችንን ታሪክ ሊያሳዩ የቻሉት ጭልጋ ትክክለኛ ቦታዋን ስላገኘች ነው። በ8 ሚሊዮኑ ብንሄድ ጭልጋ የሙሽ ታናሽ ትሆን ነበር፤ ታሪኩም ተገልብጦ ይነበብ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የአይከሉ ወንድማችን ሁለተኛ ጥያቄ፣ «አውጥቼ ላምጣልሽ?» ያለው፣ ከመጀመሪያው ጋር አንድ መሆኑ ግልጽ ነው። ከንብርብሩ የተነቀለ ቅጠል የልደት ምስክር ወረቀቱን ጥሎ የመጣ ነው፤ ማንም ላቦራቶሪ መልሶ አይጽፍለትም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም እንዲህ ያለውን ቅሪት በቅርስነት ይጠብቃል፤ ያለ ፈቃድ ማውጣት አይቻልም። እኔ ግን አዋጁ ባይኖርም ያው ነው የምለው። በየቤቱ ቡፌ ላይ የተቀመጠ «ታሪካዊ ድንጋይ» ሳይ አዝናለሁ፤ ቆንጆ ነው፣ ከየት እንደመጣ ግን የሚያውቅ የለም።

እህቱ እንዲህ ብላ ጻፈችለት፦ «አታውጣት ወንድሜ። ራቅ ብለህ ገደሉን በሙሉ ከታች እስከ ላይ አንሳልኝ፤ ቦታውን በስልክህ ካርታ ላይ ምልክት አድርግ። ከቅጠሏ በላይም በታችም ነጭ ወይም ቀጭን የሸክላ መስመር ካለ ቀርበህ አሳየኝ፣ ጠጠር ይኑረው አይኑረው ተመልከት። ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ንገራቸው።» ሁሉንም አደረገ።

አዲሶቹን ፎቶዎች ስናይ ነገሩ ትንሽ ከበደ። ቅጠሉ ያለበት ድንጋይ ገደሉ ውስጥ አይደለም፤ ከላይ ተንሸራቶ ግርጌው ላይ ያረፈ ስባሪ ነው። በገደሉ ላይ ተመሳሳይ ግራጫ የጭቃ ድንጋይ ሁለት ቦታ ይታያል፤ በመካከላቸው ነጣ ያለ ቀጭን መስመር አለ። ጋሼ ስልኩን ተቀብለው እያጎሉ ቢያዩትም «በፎቶ አመድ ነው አልልም፣ ልዳስሰው ይገባል» አሉ። ስለዚህ ስባሪው ከመስመሩ በላይ ይምጣ ከበታቹ በዚህ መረጃ አይለይም። የሚለየው ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ የድንጋዩን ደቃቅነትና ቀለም ከሁለቱ ጋር ሲያስተያይ ነው፤ ጥቆማውም ወረዳው ዘንድ ገብቷል።

ባዮሎጂ መምህርቷ ፎቶውን አትማ ክፍሏ ውስጥ ለጥፋዋለች። ከሥሩ የጻፈችው «ጭልጋ፣ የኦሊጎሲን ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ ከወደቀ ስባሪ ላይ» ይላል። ተማሪዎቿ 27.23 የሚለውን ቁጥር ለምን እንዳልጻፈችው ሲጠይቋት የገደሉን ፎቶ አውጥታ ሁለቱን ግራጫ ንብርብሮች ታሳያቸዋለች።